ጨውና ብረት

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ለምንና እንዴትም እንደሚሆን ለአንባቢ የሚያስረዳ የድርሰት ዐይነት ነው። ስታነቡ ምክንያትና ውጤት የተያያዙባቸውን ቃላት፣ እንዲሁም የሥራው ቅደም ተከተል የታየበትን መንገድ ልብ በሉ። በመጨረሻ የሚገኙት መልመጃዎች የተመሠረቱት በእነዚሁ ላይ ነው።

ሀ. ዝገት ምንድን ነው?

የአንድን ገበሬ ማረሻ ተመልከቱ። በእርሻ ወራት አፈሩ ሲፍቀው ስለሚውል ጫፉ እንደ ብር ያበራል። እርሻው አብቅቶ ማረሻው ከደጅ ተጥሎ ከከረመ በኋላ ግን ያ ብሩህ ጫፍ ቀይ ቡናማ ልብስ ለብሶ ይገኛል። በጣት ቢነኩት ዱቄት ይተዋል፤ በድንጋይ ቢፍቁት ከሥሩ የተቦረቦረ ብረት ይታያል። ዝገት ማለት ይህ ነው። ማጭዱም፣ መጥረቢያውም፣ የመኪናውም አካል የሚጠፉት በዚሁ በአንድ መንገድ ነው።

ዝገትና ቆሻሻ አንድ አይደሉም። ቆሻሻ ከውጭ መጥቶ በብረት ላይ የሚያርፍ ነገር ነው፤ ዝገት ግን ብረቱ ራሱ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ነው። ብረት ከውኃና በአየር ውስጥ ከሚገኘው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ብረትነቱን ትቶ ዝገት ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ዕቃ ላይ ዝገት ተፍቆ ሲጣል ዕቃው ጸዳ ብቻ ሳይሆን ቀነሰም ማለት ነው።

ሌሎች ማዕድናትም ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳሉ። ለምሳሌ አሉሚኒየም አየር ሲነካው በላዩ ላይ በዐይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያወጣል። ይህ ሽፋን ጥብቅ ስለ ሆነ ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም። ዝገቱ ከተነሣበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፤ ይሰነጠቃል፤ ይረግፋል። በስንጥቆቹም በኩል አዲስ ውኃና አየር ወደ ውስጥ ይገባሉ። በመሆኑም ዝገት አንድ ጊዜ ከጀመረ ራሱን በራሱ እያስፋፋ ይሄዳል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይቆምም።

ይህን በክፍላችሁ ውስጥ ልትመረምሩት ትችላላችሁ። አዲስና ንጹሕ የሆኑ አራት ሚስማሮችንና አራት ጠርሙሶችን አዘጋጁ። የመጀመሪያውን ሚስማር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቁ። ሁለተኛውን ፈልቶ በበረደ ውኃ ውስጥ አስጥማችሁ በውኃው ላይ ዘይት አፍስሱበት፤ ውኃው ሲፈላ በውስጡ የነበረው አየር ስለሚወጣና ዘይቱም አዲስ አየር እንዳይገባ ስለሚከለክል ሚስማሩ ያለ አየር ይቆያል። ሦስተኛውን ከፊሉ ከውኃ በላይ እንዲሆን አድርጋችሁ በተራ ውኃ ውስጥ አቁሙት። አራተኛውን እንደ ሦስተኛው አቁሙት፤ ነገር ግን በውኃው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙበት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ስታዩአቸው ውኃ ያጣው የመጀመሪያውና አየር ያጣው ሁለተኛው ሚስማር እንደ ነበሩ ወይም ለዚያ የቀረቡ ሆነው ይገኛሉ። ሦስተኛው ዝጓል፤ አራተኛው ደግሞ ከሦስተኛው ብሶ ዝጓል። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ብረት እንዲዝግ ውኃም አየርም አብረው ያስፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ ጨው ራሱ ዝገት ባይሆንም ዝገትን ያፋጥናል።

ለ. ጨው ዝገትን የሚያፋጥነው ለምንድን ነው?

የዚህ ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሚገኘው በዝገት አሠራር ውስጥ ነው። ብረት በሚዝግበት ጊዜ በዐይን የማይታይ የኤሌክትሪክ ሥራ ይካሄዳል። በአንዱ ነጥብ ላይ ብረቱ እየሟሟ ኤሌክትሮኖችን ይለቅቃል፤ በሌላው ነጥብ ላይ ኦክስጅን እነዚህን ኤሌክትሮኖች ይቀበላል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው እርጥበት እንደ መሸጋገሪያ ሆኖ ያገለግላል። የእጅ ባትሪ ድንጋይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በዚሁ በመሰለ ሥራ ነው። ንጹሕ የዝናም ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም፤ ጨው የሟሟበት ውኃ ግን በሚገባ ያስተላልፋል። ስለዚህ ጨው ለዝገት የተጠረገ ጎዳና ይሆንለታል። ከዚህም በላይ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በብረት ላይ ያለውን ማንኛውንም ስስ መከላከያ እየበሳ ይገባል።

ሁለተኛውን ምክንያት ለመረዳት ወደ ማዕድ ቤት ግቡ። በበጋ ደረቅና ብትን የነበረው ጨው በሐምሌና በነሐሴ ይረጥባል፤ ይጓጉላል፤ አንዳንድ ጊዜም ዕቃው ያለቅሳል። ውኃ የጨመረበት ሰው የለም፤ ጨው ራሱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስቦ ነው። ንጹሕ የገበታ ጨው ወደ ፈሳሽነት የሚለወጠው አየሩ ሊሸከም ከሚችለው የውኃ ተን 75 በመቶ ያህሉን ሲይዝ ነው። ማግኒዝየም ክሎራይድ የተባለው የጨው ዐይነት ግን 33 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ ጨው የነካው ብረት ዝናም ሳይዘንብበትም፣ ውኃ ሳይፈስበትም ሊረጥብ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር እንጨምር። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ግን እስከ 360 ግራም ገደማ የገበታ ጨው ሊሟሟ ይችላል። ታዲያ ለብረት ይበልጥ የሚከፋው የትኛው ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ጨው የበዛበት ነው ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ውኃ ጨው በጣም ሲበዛበት ኦክስጅንን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ የዝገቱ ፍጥነት ጋብ ይላል። ብረት እጅግ ፈጥኖ የሚዝገው የጨው መጠኑ ወደ ባሕር ውኃ በቀረበ ጊዜ ነው። ስለሆነም ጨው በተጣበቀበት ብረት ላይ ጥቂት ውኃ ረጭቶ መተው ጨውን ማስወገድ ሳይሆን ለዝገት በሚስማማ መጠን መበጥበጥ ነው። ይህን አትርሱ፤ ወደ ኋላ ይጠቅማችኋል።

ሐ. ከዳናክል እስከ ቢቸና

ቢቸና ከባሕር የራቀች የደጋ ከተማ ናት። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህም ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ታዲያ ጨውና መኪና ለምሥራቅ ጎጃም ተማሪ ምኑ ናቸው? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል።

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ባሕር ትቶት የሄደ ምድር አላት። ይኸውም በአፋር ክልል በስተ ሰሜን የሚገኘው የዳናክል ረባዳ ሜዳ ነው። ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚያ ይገባ ነበር። ምድሩ ከባሕሩ ተቆርጦ ከቀረ በኋላ ውኃው በፀሐይ ሙቀት ተንኖ አለቀ፤ ጨው ግን ስለማይተን በዚያው ተከምሮ ቀረ። የዳሎል አካባቢ ጨው ከገበታ ጨው ሌላ የፖታሽየምና የማግኒዝየም ጨዎችም ይገኙበታል። ማግኒዝየም ክሎራይድ እርጥበት በመሳብ ከገበታ ጨው እንደሚበልጥ ከላይ አይተናል።

የዳናክል ጨው ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ከሜዳው እየተፈለጠ፣ አሞሌ እየተባለ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ በጎጃም ገበያዎችም ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ ግን ጨው ሳይሸጥና ሳይለወጥ በስውር ወደ ደጋ የሚወጣበት ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም የመኪና ሆድ ነው።

ጎብኚዎችን፣ ተመራማሪዎችንና ሠራተኞችን ይዘው ወደ ጨው ሜዳው የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ያሉ በአራቱም ጎማዎቻቸው ኃይል የሚሄዱ መኪኖች ናቸው። በሐይቁ ዳርቻ ጨው የጠገበ ውኃ ሜዳውን በስሱ ይሸፍነዋል። መኪናው በዚያ ላይ ሲያልፍ ጎማዎቹ ውኃውን ወደ ላይ ይረጩታል። ውኃው በፓራፋንጎው ሥር፣ በባሌስትራው ቅጠሎች መካከል፣ በሻንሲው ቀዳዳዎች ውስጥና በፍሬን ቱቦዎች ላይ ያርፋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በበረሃው ሙቀት ይደርቅና ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። በደረቁ አየር ውስጥ ያ ነጭ ቅርፊት ብዙም ጉዳት ሳያደርስ ሊቆይ ይችላል፤ ጨው ያለ እርጥበት እንደ ተኛ ነውና። መኪናው ከዚያ ወጥቶ ክረምት ወደ ገባበት ደጋ ሲደርስ ግን የተኛው ጨው ይነቃል። በተለይ በቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ጭቃ ሲሆን ከመኪና ሥር ተለጥፎ ለቀናት እርጥበት ይዞ ይቆያል። ጨው፣ እርጥበትና አየር በአንድ ስፍራ ተገናኙ ማለት ነው። ባለ መኪናው ከበረሃ በደኅና ተመለስኩ ብሎ በሚደሰትበት ሰዓት ዝገቱ ሥራውን ይጀምራል።

ይህን ያህል የሚያሳስበን የመኪናው ዋጋ ብቻ አይደለም። የብዙ መኪኖች የፍሬን ቱቦ የብረት ሲሆን የግድግዳው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ነጂው ፍሬን በረገጠ ቁጥር በዚህ ስስ ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በከፍተኛ ግፊት ይጨመቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና የሚመጣ መኪና ደግሞ ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን ይወጣል። በዳናክል ጨው የነካው ቱቦ ዝጎ የሚፈተነው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ፍሬኑ በሁለት መስመር ስለሚሠራ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይረዳል፤ ቢሆንም የፍሬኑ ኃይል በእጅጉ ይደክማል። በገጠር መንገድ ታማሚና ክትባት የሚያመላልሰው እንዲህ ያለው መኪና መሆኑን ስናስብ፣ በቱቦው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኗ ይገባናል።

ወደ ዳናክል ያልወረደ መኪናም ከዚህ ስጋት ነፃ ነው ማለት አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። በዚያ አገልግሎ ወይም በባሕር ዳር ከተማ ኖሮ የመጣ መኪና ውጭው አምሮ ሆዱ ዝጎ ሊገኝ ይችላል። የላንድሮቨር ታሪክም ይህን ያስረዳል። ይህ መኪና በ1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲታይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብረት እጥረት ስለ ነበር የውጭ አካሉ የተሠራው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ነበር። ሸክሙን የሚሸከመው ሻንሲው ግን ብረት ነበር። ስለዚህ በሩና ኮፈኑ ምንም ሳይዝጉ ሻንሲው ተበልቶ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ሆዱን ማየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

መ. መኪናን ከዝገት የመጠበቅ ሥራ

ብረትን ከዝገት የመጠበቂያ መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በቀለም፣ በሰም ወይም በግራሶ ሸፍኖ ውኃና አየር እንዳያገኙት ማድረግ ነው። ሁለተኛው በብረቱ ፈንታ የሚበላ ሌላ ማዕድን መለበጥ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ የተለበጠው በዚንክ ነው፤ ቆርቆሮው ቢጫርም ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። ሦስተኛው ብረቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ ነው። ሁለተኛው መንገድ የፋብሪካ ሥራ ሲሆን አንደኛውና ሦስተኛው ግን በባለ መኪናው እጅ ያሉ ናቸው። ሥራውም ከጉዞ በፊት፣ በጉዞ ላይና ከጉዞ በኋላ በሚል ቅደም ተከተል ይከናወናል።

ከጉዞ በፊት፦ ቀለም የተጫረበትና የተላጠበት ቦታ ሁሉ ተፈልጎ መቀባት አለበት። በበሮችና በሻንሲው ሥር ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ከሆነ መከፈት አለባቸው፤ ገብቶ የማይወጣ ውኃ ከሁሉ የከፋ ነውና። ግራሶ የሚጠጡ መገጣጠሚያዎች ግራሶ ይጠጣሉ። ሻንሲውና ከሥር ያለው ላሜራ ለዚሁ በተዘጋጀ ሰም ወይም መከላከያ ይቀባል፤ ዳሩ ግን ቅባት በፍሬን ሸራና በፍሬን ዲስክ ላይ ፈጽሞ እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሥር ይቀባሉ። ይህ ለጊዜው ውኃን ቢከለክልም ጎማና ላስቲክ ያበላሻል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ታጥቦ ሲወርድም አፈርንና ውኃን ይመርዛል። ስለዚህ አይመከርም።

በጉዞ ላይ፦ ሊዞሩት የሚቻለውን የጨው ውኃ መዞር ይገባል። ማለፍ ግድ ከሆነም ውኃው ወደ ላይ እንዳይረጭ በዝግታ ማለፍ ነው። ተሳፋሪዎች ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን ማራገፍ አለባቸው፤ በጫማ የገባ ጨው በምንጣፍ ሥር ተደብቆ ወለሉን ከውስጥ ይበላዋልና።

ከጉዞ በኋላ፦ ዋናው ሥራ ይህ ነው። በበረሃ ለሰውና ለከብት መጠጥ የሚሆን ውኃ መኪና ለማጠብ አይባክንም። ውኃ እንደ ልብ በሚገኝበት በመጀመሪያው ከተማ ግን ሳይዘገዩ፣ ወደ እርጥቡ ደጋ ከመዝለቅ በፊት ማጠብ ይገባል። የአጠባበቡ ሥርዐት የሚከተለው ነው።

1. መኪናውን አቁሞ ሞተሩ፣ ፍሬኑና ዲፈረንሻሉ እስኪበርዱ መጠበቅ። የጋለ ፍሬን ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት ሲያርፍበት ሊጣመም ይችላል። የጋለ ዲፈረንሻልም በድንገት ሲበርድ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር በመተንፈሻው በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል።

2. የደረቀውን ጭቃ በውኃ አርሶ በእንጨት መፋቅ። ጭቃው ሳይነሣ ጨዉ አይነሣም።

3. ከሥር ጀምሮ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፤ ይኸውም የፓራፋንጎውን ውስጥ፣ ባሌስትራውን፣ የነዳጅ መያዣውን ማሰሪያ፣ የፍሬን ቱቦዎችን ሁሉ ነው። የውኃውን ጎማ ወደ ሻንሲው ቀዳዳዎች አስገብቶ ከውስጥ የሚወጣው ውኃ ንጹሕ እስኪሆን ማፍሰስ ያስፈልጋል። ጥቂት ውኃ ከረጩ በኋላ መተው ጉዳት እንዳለው በክፍል ለ የተጻፈውን አስታውሱ።

4. ራዲያተሩን በቀስታ በሚፈስ ውኃ ማጠብ። በኃይል የሚወረወር ውኃ ስስ ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። የኤሌክትሪክ ክፍሎች ላይም ውኃ በኃይል አይረጭም።

5. በመጨረሻ የውጭውን አካል ማጠብና ምንጣፎቹን አውጥቶ ወለሉን መጥረግ።

6. ካጠቡ በኋላ መኪናውን በደረቅ መንገድ ጥቂት ነድቶ፣ ፍሬኑን ደጋግሞ በቀስታ በመርገጥ ማድረቅ። ከዚያም ነፋስና ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ማቆም እንጂ እንደ ረጠበ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አለማስገባት።

7. ከደረቀ በኋላ ግራሶ ማጠጣትና የታጠበውን መከላከያ መልሶ መቀባት። የዲፈረንሻሉን ዘይትም ማየት ይገባል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና መለወጥ አለበት።

የዚህን ሥራ ቅደም ተከተል መለወጥ ሥራውን ያበላሻል። ለምሳሌ ሳያጥቡ ናፍጣ ወይም ዘይት ከሥር መርጨት የተለመደ ነው። ነገር ግን ጨዉ ሳይወጣ የተቀባ ቅባት ጨዉንና እርጥበቱን ከብረቱ ጋር አብሮ ይሸፍናቸዋል። ይህም ሌባን ከቤት ሳያስወጡ በር እንደ መዝጋት ነው።

ሠ. ዝገቱ ከጀመረ ምን ይደረጋል?

አበው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። የዝገትም ነገር እንዲሁ ነው። ቀለም እንደ ብጉር ካበጠ፣ ከስፌት ውስጥ ቡናማ ውኃ ከወረደ፣ ሻንሲው በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቱን ትቶ ዱም ዱም ካለ፣ ከውስጥ ዝገት አለ ማለት ነው።

ዝገቱ ገና ከላይ ከሆነ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይጸዳል። ከዚያም ታጥቦና ደርቆ አንቲረስት የተባለው ቀለም በመጀመሪያ፣ የላይኛው ቀለም ከዚያ በኋላ ይቀባል። ዝገት ሳይፋቅ የተቀባ ቀለም ከዝገቱ ጋር አብሮ ይረግፋል። ሻንሲው ከተበሳ ግን ጉዳዩ የቀለም ጉዳይ አይደለም። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ገዢንም ተሳፋሪንም ማታለል ነው። የተበላው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ፣ ሥራውን በሚያውቅ በያጅ ተመጣጣኝ ውፍረት ባለው ብረት መተካት አለበት። የዛገ የፍሬን ቱቦ ደግሞ አይጠገንም፤ ይለወጣል።

ትንሽ የሚመስል ጉድለት ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም በልዩ ልዩ ጊዜ አይቷል። በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ የተባለው የብረት ድልድይ መኪኖች እንደ ተሰለፉበት በድንገት ፈርሶ 46 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው የጥፋቱ መነሻ በአንዲት ማያያዣ ብረት ውስጥ የነበረች፣ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ያላት ስንጥቅ ናት። ይህች ስንጥቅ በከባድ ጭነትና በዝገት የተነሣ ለብዙ ዓመታት ቀስ በቀስ ያደገች ነበረች። ድልድዩን የሚመረምሩ ሰዎች ከውጭ ሆነው ሊያዩዋት በማይችሉበት መገጣጠሚያ ውስጥ ተሸሽጋ ነበር።

ረ. ማጠቃለያ

እንግዲህ ጨው የነካውን ብረት የምንፈርደው በሚታየው ገጽታው ብቻ መሆን የለበትም። የሚያብረቀርቅ በርና ያማረ ቀለም ለባለ መኪናው ኩራት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተሳፋሪውን ከቁልቁለት በደኅና የሚያወርዱት ግን ማንም የማያያቸው ሻንሲና የፍሬን ቱቦ ናቸው። ጨው በደረቅ አገር ተኝቶ በእርጥብ አገር የሚነቃ ስለ ሆነም ጊዜው ሳያልፍ ማጠብ፣ ከታጠበ በኋላ ማድረቅ፣ ከደረቀ በኋላ መቀባት ያስፈልጋል። ይህ ሥርዐት ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለማጭድም፣ ለመጥረቢያም፣ ለማረሻም ይሠራል። የእናንተ ቤት መኪና ባይኖረው እንኳ ብረት የሌለው ቤት የለምና፣ ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ በጥግ የወደቀውን መሣሪያ አንሥታችሁ ተመልከቱ።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ዝገት ከቆሻሻ የሚለየው በምንድን ነው?
2. በአሉሚኒየም ላይ የሚወጣው ሽፋን ከብረት ዝገት በምን ይለያል?
3. ጥቂት ውኃ ረጭቶ መተው ጉዳት የሚያመጣው ለምንድን ነው?
4. መኪናን ወደ ደጋ ከመዝለቅ በፊት ማጠብ ለምን አስፈለገ?
5. ጸሐፊው የፍሬን ቱቦን ጉዳይ ከዓባይ ቁልቁለት ጋር ያገናኘው ለምን ይመስላችኋል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

ይዋሐዳል፣ ተቦረቦረ፣ ረባዳ፣ ያፋጥናል፣ ይኮማተራል፣ በስውር

ሐ. ቀጥሎ ያሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች «ስለ»፣ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» በሚሉት ቃላት አያይዛችሁ ጻፉ።

1. ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ጨው የነካው ብረት ዝናም ሳይዘንብ ይረጥባል።
2. የመኪናው ቀለም ያምራል። ሻንሲው ዝጓል።
3. ዝገቱ አልተፋቀም። አዲሱ ቀለም ረገፈ።

መ. በአካባቢያችሁ ገበሬዎች ወይም ባለ እጆች የብረት መሣሪያዎቻቸውን ከዝገት እንዴት እንደሚጠብቁ ጠይቃችሁ፣ በአራት አንቀጽ የተዘጋጀ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ መሣሪያውን፣ በሁለተኛው የሚዝግበትን ምክንያት፣ በሦስተኛው የጥበቃውን ቅደም ተከተል፣ በአራተኛው ደግሞ የደረሳችሁበትን መደምደሚያ ግለጹ።